ከንቲባው አንዴ ብቻ ጠየቀ

ሆልስታድ ከተማ ውስጥ ኬክ ሲያቀርቡልህ መጀመሪያ እምቢ ትላለህ። ሆድህ እየጮኸም ቢሆን «ኧረ በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቲቱ ደግማ ትጠይቅሃለች፣ አንተም ደግመህ «አትቸገሪ» ትላለህ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካልሽ፣ ትንሽ ቁራሽ» ብለህ ሳህኑን ትቀበላለህ፤ ቁራሹም ትንሽ አይሆንም። ሦስቴም እምቢ ካልክ ግን የእውነትህን ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅህ የለም፤ አራተኛ የሚጠይቅ ሰው ባለጌ ነው። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፣ የሚጥሰውም የለም። የሚኒሶታን ብርድና ይህን ደንብ ሰዉ ሲወለድ ነው ያገኛቸው፤ ሁለቱንም ተሸክሞ ይኖራል።

ማርሊስ ቶሌፍሰን ስድሳ ሁለት ዓመት ተሸክማዋለች። ሃያ ሰባቱን ዓመት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለአራት መቶ ልጅ ምሳ ስታበስል ነው ያሳለፈችው። ትከሻዋ እዚያ ቀረ። ጡረታ ወጥታ ልታርፍ ሲገባት ሱቅ ከፈተች፤ ያውም በዚያች ከተማ ማንም ይከፍተዋል ብሎ ያላሰበውን ሱቅ።

ሱቋ ዋናው መንገድ ላይ፣ ድሮ ጫማ ጠጋኙ የነበረበት ጠባብ ቤት ነው። የምትሸጠው ከሄምፕ የተሠራ ነገር ነው፤ ለቁርጥማት የሚቀባ ቅባት፣ ምላስ ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት፣ እንቅልፍ ለነሳው ሰው የሚሆን ከረሜላ። ሄምፕ የካናቢስ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ከቤተሰቡ ረጋ ያለው፣ ሰው የማያሰክረው እሱ ነው። ይህን ለሆልስታድ ሰው ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ስለ ዝናብ ያወራል። ከዚያ ስለ በቆሎው። ከዚያ ደህና ዋይ ብሎ፣ በሩ ጋ ደርሶ፣ እጁ እጀታው ላይ እያለ፣ «ለመሆኑ ለሚስቴ ጉልበት የሚሆን ያ ቅባት አለሽ?» ይላል። በማግስቱ ሚስቱ ትመጣና እሷም በተራዋ ስለ ዝናብ አውርታ «ለባሌ ጉልበት» ብላ ትወስዳለች። የፓስተሩ ሚስት በጓሮ በር ነበር የምትገባው፤ አሁን አሁን በፊት ለፊት መግባት ጀምራለች።

ማርሊስ ግን ሱቁን የከፈተችው ለሰው ጉልበት አዝና አይደለም። ለኦሪን ብላ ነው።

ኦሪን ባሏ ነው። አርባ ሁለት የወተት ላሞች ነበሩት። ከስድስት ዓመት በፊት ወተቱ አላዋጣ ብሎ፣ በአንድ ጠዋት በሁለት ከባድ መኪና ተጭነው ሄዱ። ኦሪን የመጨረሻዋን ላም በእጁ ጫናት፣ ጋጣውን ጠረገ፣ ቤት ገብቶ እጁን ታጠበና ሳሎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ጎኑ ላይ እጀታ ያለው፣ እጀታው ሲጎተት እግር ማሳረፊያው ወደ ፊት የሚዘረጋ ዓይነት ነው። ሲዘረጋም ሲታጠፍም «ቃ» ይላል። እዚያ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። መብላቱን ይበላል፣ ሲያናግሩት ይመልሳል፣ አይቆጣም፣ አያለቅስም። ሐኪሙ ክኒን ሰጠው። ፓስተሩ ሁለቴ መጥቶ ስለ ዝናብ አውርቶ ሄደ። ማርሊስ ወጥ ቤት ሆና ያንን «ቃ» በሰማች ቁጥር የያዘችውን ሳህን ታስቀምጣለች።

በአራተኛው ዓመት ሄምፕ መትከል ተፈቀደ ሲባል ሰማችና ችግኝ አስመጣች። ከጋጣው ጀርባ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው መሬት ላይ፣ በዚያ ትከሻዋ ብቻዋን ተከለች። መስመሩ ተጣመመ። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ኦሪን በመስኮት አየው። አንድ ቀን አየው፣ ሁለት ቀን አየው። በሦስተኛው ቀን «ቃ» ሲል ሰማች፤ ወንበሩ ሲታጠፍ ነው። ጫማውን አጥልቆ ወጣና ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ «እንዲህ ተደርጎ ይተከላል? በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ምን ይለናል?» አለ። ነቅሎ ከመጀመሪያው ተከለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቀመጠም። መከሩ ሲደርስ ግንዱን እየቆረጠ፣ ላሞቹ ይቆሙበት የነበረው ጋጣ ውስጥ ዘቅዝቆ ይሰቅለዋል። ሲደርቅ ቅጠሉን ይመለምላል። እሷ ቅባቱን ታበስላለች፣ እሱ ቅባቱ የሚሞላበት ቆርቆሮ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፣ ሲለጥፍም በማስመሪያ ነው። ማታ ራት ላይ ስለ ቅጠሉ እርጥበት ያወራል። ማርሊስ ስለ ቅጠል እርጥበት መስማት አንገሽግሿታል፤ ግን አንድም ቀን ዝም በል አላለችውም።

ባለፈው በጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ግዛቱ ካናቢስ ራሱ በሱቅ እንዲሸጥ ፈቀደ፣ ከትልቁ ከተማ የመጡ ሦስት ነጋዴዎች በአንድ ሳምንት የሆልስታድን ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን አውራ ጎዳናው ዳር ያለ አንድ ነዳጅ ማደያ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ከረሜላ ይሸጥ ነበር። ሦስት ጡረተኞች ተራ ከረሜላ መስሏቸው አንድ ከረጢት ሙሉ ጨርሰው ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ የዕለቱ ስብከት ስለ ኢዮብ ቁስል ነበር፣ እነሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲስቁ ዋሉ። ከሦስቱ አንዱ ስቆ የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ከተማው ደነገጠ።

ምክር ቤቱ ረቂቅ አወጣ። ለአንድ ዓመት፣ ጥናት ተጠንቶ እስኪያልቅ፣ በከተማው ውስጥ የካናቢስም ሆነ የሄምፕ ውጤት ንግድ በጊዜያዊነት ይቁም ይላል። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ከዚህ በፊት የተከፈተ ሱቅ ያለው ነጋዴ በስብሰባው ላይ ከፈለገ ከእገዳው ነጻ ሊደረግ ይችላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስገባው ቬርሊን ባክ ነው፤ የምክር ቤት አባል፣ የበቆሎ ገበሬ፣ ከማርሊስ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። ከማርሊስ በቀር እንዲህ ያለ ሱቅ ያለው ሰው አልነበረም። ስሟን መጻፍ ግን አድልዎ ይመስላል፣ ስለዚህ አልጻፈም።

ስብሰባው ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጌይል ደወለችላት።

«ማርሊስ፣ ምንም አትጨነቂ። ከንቲባው ይጠይቅሻል፣ አንቺ አዎ ትያለሽ፣ አለቀ።»

«ነገር አከበድኩባችሁ መሰለኝ።»

«ምን አከበድሽ! እሺ፣ ምንድን ነው የምትዪው?»

«አዎ።»

«በቃ! እንደሱ ነው።»

ከንቲባው ኬስለር የሚባል፣ ገና ሃምሳ ያልሞላው፣ የመስኮት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከአሪዞና የመጣ ሰው ነው። ሆልስታድ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከንቲባ የሆነው ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ ነው። ሆልስታድ ውስጥ «እኔን ምረጡ» ብሎ መነሳት ያሳፍራል፤ እሱ ግን አላፈረም፣ ሰዉም መረጠው። ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ የተባለውን ይሰማል። ሰው ቤት ሲጋበዝ ኬክ ሲያቀርቡለት በመጀመሪያው «አዎ፣ እባክዎ» ብሎ የሚቀበል መሆኑ በከተማው ተወርቷል። በክፋት አይደለም የተወራው። ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ነው ተባለና ታለፈ።

ስብሰባው ጥቅምት ውስጥ ሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ኦሪን አልሄደም፤ ጋጣው ውስጥ ስድስት መቶ ግንድ ሰቅሎ መቀሱን እየሳለ ነበር። ማርሊስ ፒካፑን ብቻዋን እየነዳች መንገዱን ሙሉ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ስትል ሄደች። መስቀለኛው ላይ ቆማ ጮክ ብላ አለችው። ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሞተሩን አጥፍታ አንዴ ጨመረችበት። ቀላል ነገር ነው።

አዳራሹ ሞልቷል፣ የፊቱን ረድፍ ግን የከተማው ሰው እንደወትሮው ትቶታል። ሦስቱ የትልቁ ከተማ ነጋዴዎች ያልተነገራቸው መሆናቸው ያስታውቃል፣ ፊት ሄደው ተቀምጠዋል። ተራ በተራ ተነስተው ተናገሩ፣ ለመኑ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰዉ ጫማውን ያያል። እነሱ ጨርሰው ሲቀመጡ ከንቲባው መነጽሩን አደረገና ወረቀቱን አየ።

«ወይዘሮ ቶሌፍሰን መጥተዋል?»

«እዚህ ነኝ» አለች ከኋላ፣ ብድግ ብላ።

«እርስዎ ሱቅ ያለዎት ስለሆነ በረቂቁ መሠረት ከእገዳው ነጻ ልናደርግዎ እንችላለን። ነጻ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። የትምህርት ቤት ምሳዋን በልተው ያደጉ፣ ቅባቷን በጓዳ የሚቀቡ፣ ሁሉም አሉ። ፊት ያሉት ሦስቱም ዞረው አይተዋታል፤ እነሱ ለምነው የተከለከሉትን ለእሷ ብቻ በሳህን አቀረቡላት። ስድሳ ሁለት ዓመት የኖረችበት ነገር በውስጧ ተነሳና፣ መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን «አዎ» ገፍቶ አስቀመጠው።

«ኧረ» አለች፣ «ለኔ ብላችሁ እንኳ አትቸገሩ።»

ሰዉ ሁሉ ደስ አለው። እንደ ደንቡ ተጀመረ። ቬርሊን ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ጌይል ብዕሯን እንዳነሳች ጠበቀች። ማርሊስም ለሁለተኛው ጥያቄ ፊቷን አዘጋጀች፤ ሁለተኛው ላይ «እንግዲህ እናንተ ካላስቸገራችሁ» ልትል፣ ሦስተኛው ላይ «እሺ» ልትል።

ከንቲባው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ እርጥብ ያለ መሰለ። «በጣም እናመሰግናለን» አለ። «ይመዝገብልን።»

የጌይል ብዕር አልተንቀሳቀሰም።

«ጌይል? ወይዘሮ ቶሌፍሰን አልፈለጉም ብለሽ መዝግቢልን።»

ጌይል ማርሊስን አየቻት። ማርሊስ ጌይልን አየቻት። አርባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ዝም አለ፤ የሆልስታድ ሰው ዝምታ ብዙ ይናገራል፣ ከአሪዞና ለመጣ ሰው ግን ዝምታ ዝምታ ነው። ማርሊስ አፏን ከፈተች። «አይ፣ ፈልጌ ነበር» ማለት ነው የቀራት። በሰው ፊት፣ ሰው ሳይጠይቃት። አፏን ዘጋችና ተቀመጠች።

ድምፅ ተሰጠ። አንደኛው ተስማማ፣ ሁለተኛዋ ተስማማች። ቬርሊን ጋ ሲደርስ እጁን ሲያይ ቆየና «እስማማለሁ» አለ፣ ለእጁ የሚናገር ይመስል። ከንቲባው በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ቀጣዩ አጀንዳ አዲስ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ስለመግዛት ነበር። ማርሊስ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብላ ስለ በረዶ መጥረጊያ ሰማች። መሀል ላይ ተነስታ ብትወጣ የተቀየመች ትመስላለች።

ሲያልቅ ከንቲባው ሰዉን አልፎ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይዘሮ ቶሌፍሰን፣ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። የራስዎን ጥቅም ለከተማው ብለው ሲተዉ!»

«ምንም አይደል» አለች ማርሊስ።

ቤት ስትደርስ ኦሪን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ የሳላቸውን አራት መቀሶች ደርድሮ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አየና ወንበር ሳበላት። ነገረችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የበረዶ መጥረጊያውን ጨምራ።

«ስንት ጊዜ ጠየቀሽ?» አለ ኦሪን።

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ብቻ።»

ኦሪን ይህን ለረጅም ጊዜ አሰበው። ምን ነካሽ አላላትም። እሱም ቢሆን እዚያው ቆሞ ቢሆን «አትቸገሩ» ይል እንደነበር ያውቃል፤ እናቱም፣ የእናቱም እናት።

«ሰውዬው ከየት ነው ያልሽኝ?»

«ከአሪዞና።»

«አሃ» አለ።

መቀሶቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። መሳቢያውን ቀስ ብሎ ዘጋው። ወደ ሳሎን ሄደ። ማርሊስ ኮቷን እንኳ ገና አላወለቀችም። «ቃ» ሲል ሰማች።

በማግስቱ ጌይል ጋ ሄደች። ጌይል አልቅሳ አፍንጫዋ ቀልቷል። ይህ ዓይነቱ ደንብ አንዴ ከጸደቀ ዓመቱ እስኪሞላ አይነካም አለቻት፤ ራሷ ሌሊቱን ሙሉ ስታነብ ማደሯን ነገረቻት። ማርሊስ ተቀምጣ አጽናናቻት። ከዚያ ሄዳ ሱቁ መስኮት ላይ ወረቀት ለጠፈች።

ከዚያ ምግቡ ይመጣ ጀመር። ሆልስታድ ውስጥ ሰው ሲሞት የምድጃ ምግብ ይወሰዳል፤ የተፈጨ ሥጋ፣ የእንጉዳይ ሾርባ፣ ከላዩ ድንች ተደርድሮበት አንድ ላይ የተጋገረ። የሞተ ሰው ባይኖርም ሰዉ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። የመጀመሪያው ረቡዕ ጠዋት ደጁ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሆነ። ከስድስቱ አራቱ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ቤት ነው የመጡት፤ ሳህኑ ሥር በፕላስተር ላይ ስማቸው ተጽፏል። ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ማርሊስ ሐዘንተኛዋ ራሷ እያበሰለች፣ ስድስት ሳህን ብስኩት ጋግራ ለየባለቤቱ ልትመልስ ነው። አንዱን ስትጋግር ምድጃው አጠገብ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ኦሪን ከሚመጣው ምግብ ያቀረቡለትን ይበላል፤ ጥሩ ነው ይላል፣ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እሷ ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት እንዲህ መቀጠል ይቻላት እንደሆነ አሰበችና መልሱን ሳትሰማ ተነስታ ሳህን አጠበች።

ቬርሊን ሰባተኛውን ሳህን በራሱ እጅ ይዞ መጣ። ደጁ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«አትግባ አላልኩህም» አለችው ማርሊስ።

«ኧረ ልሂድ፣ በቆሎው እየጠበቀኝ ነው።» ሳይሄድ ቆመ። «ዝናቡ ደግሞ መጣ።»

«መጣ።»

«ማርሊስ፣ ደግሞ ይጠይቅሻል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሁላችንም ስንጠብቅ ነበር።»

«እኔም ስጠብቅ ነበር።»

«የሰው አገር ሰው ነው እንግዲህ።»

«አንተስ ቬርሊን? ‹እስቲ ድገሙና ጠይቋት› ማለት አቃተህ?»

ቬርሊን ኮፍያውን በእጁ አዞረ። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው የተማሪ ልጅ ጆሮ ሆኖ ቀላ። «ሰብሳቢው እሱ ነው» አለ። «ገብቼ ማውራት አልወደድኩም።»

ማርሊስ ልትቆጣ ፈልጋ ጉልበት አጣች። ቁጣ ራሱ መቆም ይጠይቃል። ሳህኑን ተቀበለችው፣ «ባትቸገር ጥሩ ነበር» አለችው፣ «ምንም አይደል» አላት፣ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ሱቁን ባዶ ስታደርግ ከንቲባው በመንገዱ ሲያልፍ አያትና ገባ። ወለሉ ላይ አሥራ አራት ካርቶን ተደርድሯል። አሥራ አምስተኛውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር፤ ትከሻዋ ያቃጥላታል።

«ላግዝዎት?» አለ ከንቲባው።

«ኧረ ግዴለም፣ ቀላል ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?» ሊል ይችል ነበር። ማንም ይላል። ኬስለር ግን ካርቶኑንም እሷንም አይቶ፣ «እሺ፣ በርቱ» አለና ፈገግ ብሎ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ፣ ለአንድ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጥግ ላይ ሲታጠፍ በመስታወቱ አየችው። ሳቋ መጣ፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ የመጀመሪያዋ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። የተነገረውን ያምናል። እሷን በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ እንደ ተናገረችው አምኗት አያውቅም፤ ያ ሰው ሲገኝ ደግሞ ሁለቴም የዋሸችው እሷ ናት። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። አዎ ብትለው ኖሮ አሥራ አምስቱንም ተሸክሞ ይጭንላት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ጋጣው ገባች። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል። ስድስቱ መቶ ግንድ ኦሪን እንደሰቀለው ተሰቅሏል፤ ላሞቹ ይቆሙበት ከነበረው ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ። አፍንጫዋን አስጠጋች። ገና አልሻገተም፣ ግን ሽታው ተለውጧል። ዛሬና ነገ ወርዶ፣ ቅጠሉ ተመልምሎ በርሜል ውስጥ በደንብ ከተከደነ ዓመት ይቆያል፤ ዓመቱ ሲሞላ ሱቁ ይከፈታል። ካልሆነ አርብ ላይ ለፍግ ነው። አንዱን ግንድ ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ትከሻዋ ክንዷን ከጆሮዋ በላይ አላነሳም አለ። በግራዋ ሞከረች። ሦስት አውርዳ ቆመች።

መቀሶቹን ከመሳቢያው አወጣች። የኦሪንን ጫማ ከጓዳ አውጥታ በሩ ጋ አስቀመጠች። ከዚያ ሳሎን ገባች።

«ኦሪን፣ ጋጣው ውስጥ ትረዳኛለህ?»

«ኧረ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ» አለ፣ ከመስኮቱ ዓይኑን ሳይነቅል።

ወጥ ቤት ሄዳ አንድ ኩባያ አጠበችና ተመለሰች። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ በጥያቄና በጥያቄ መሀል ትንሽ ሥራ ይሠራል።

«ብዙ አይደለም። የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«ተዪው ማርሊስ። ለማን ይሆናል ብለሽ ነው።»

ኩባያውን አደረቀች፣ ቦታው መለሰች፣ ፎጣውን ሰቀለች፣ ተመለሰች።

«በርሜል ውስጥ ከከደንነው ዓመቱን ይቆያል። እንዳይሻግት ነው።»

ኦሪን ዞሮ አያት። ዓይኑ ደግ ነው፣ ሁልጊዜም ደግ ነው፤ ሰው ግን አልነበረበትም።

«አይ» አለ። «አልፈልግም።»

ሦስት ሞላ። ሦስተኛው እውነት ነው፣ ሰው የሚያከብረው እሱን ነው። ያኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አክብራዋለች፤ በየሳምንቱ ሦስቴ እየጠየቀች፣ ሦስቴ እምቢ ሲላት ፎጣዋን ሰቅላ እየሄደች። አሁንም እግሯ ከልምድ የተነሳ በሩ ጋ አደረሳት። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሳህን ብስኩት፣ አጠገቡ የቬርሊን ሳህን። የሚመለስ ሰባት ሳህን። ደንቡን ከሰባቱም ቤት የሚያስተምራት የለም፣ እሷ ራሷ አስተማሪ ናት፤ ደንቡ ምን እንዳስቀረላት ግን ቆጥራ ልታገኝ አልቻለችም።

ተመልሳ መጣች። ወንበሩና መስኮቱ መሀል ገብታ ቆመች፣ ብርሃኑን ከለለችው።

«አራተኛ እየጠየቅሁህ ነው» አለች።

ኦሪን ደነገጠ። አርባ ዓመት በትዳር ኖረው እንዲህ ብላው አታውቅም። የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ራቁቱን ያገኙት ይመስል።

«ማርሊስ…»

«ደክሞኛል ኦሪን። ሰውነቴ አይደለም፣ ሁሉ ነገሬ ደክሞኛል። ሱቅ የከፈትኩት የሰው ጉልበት አሳዝኖኝ አይደለም። ከዚህ ወንበር እንድትነሳልኝ ነው። ያኔ መስመሩን ያጣመምኩት አውቄ ነው። አሁን ምንም ነገር የማጣምምበት አቅም የለኝም። ስለዚህ በአፌ እየነገርኩህ ነው። ብቻዬን አልችልም፣ እፈልግሃለሁ፣ ተነሳልኝ። እምቢ ካልክ አምስተኛ እጠይቅሃለሁ።»

አፈረች፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ውጪ ዝናቡ የጋጣውን ቆርቆሮ ይመታል። ኦሪን ወለሉን አየ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት፣ ከላሞቹ ወዲህ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«አውቀሽ ነው ያጣመምሽው?»

«አውቄ ነው።»

«ሁሉንም መስመር?»

«ሁለቱ በራሳቸው ነው የተጣመሙት።»

ኦሪን ይህንንም እንደ ልማዱ ለረጅም ጊዜ አሰበው። እሷም እንደ ልማዷ ልትጠብቅ ነበር፤ ግን ተወችውና እጇን ዘረጋችለት። እጁን ወደ ወንበሩ ጎን ሰደደ። «ቃ» አለ።

«ጫማዬን የት አደረግሽው?» አለ።

«በሩ ጋ ነው» አለችው። እሱ ማሰሪያውን እስኪያስር መቀሶቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።